ዛፍ ልስል ተቀምጬ

እኔ መቀመጥ አይሆንልኝም። በልጅነቴ እንግዳ ሲመጣ እናቴ፣ «ይቺ ልጅ መቀመጫዋ ላይ ምን እንደተተከለባት እንጃ» እያለች ታሳጣኝ ነበር። አሜሪካ ከመጣሁም በኋላ ያው ነኝ። አውሮራ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ስሠራ፣ ባልደረቦቼ ወንበር ባገኙ ቁጥር እግራቸውን ሲዘረጉ እኔ ኮሪደሩን እመላለስበታለሁ። የምንከባከባት አንዲት አሮጊት፣ «እባክሽ ተቀመጪ፣ አንቺ ስትሄጂ እኔ ነኝ የሚደክመኝ» ትለኝ ነበር። ይህን የማወራው ጠባዬን እንድታውቁት ነው እንጂ የምኮራበት ሆኖ አይደለም።

ያን ዓመት ግን፣ የእኛ ሚሊኒየም ሊገባ ወራት ሲቀሩት፣ ነገሩ ከጠባይ አልፎ በሽታ ሆነ። ከዚያ በፊት ዛፎቹ ቅጠላቸውን በሚያራግፉበት ወር አስወርዶኝ ነበር። አምስተኛ ወሬን ይዤ ነበር። ማርገዜን ከባለቤቴ በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ ሆድ ገፍቶ ሳይታይ አይወራም ብለን፣ የሥራ ልብሴም ሰፊ ስለሆነ፣ ደብቀን ነው የያዝነው። ያልተነገረ ነገር ደግሞ አይለቀስለትም። በእኛ ዘንድ ላልተወለደ ልጅ ድንኳን አይተከልም፤ የሰማ ሰው ቢኖር እንኳ «እግዚአብሔር ሌላ ይሰጣችኋል» ብሎ ወሬ ይቀይራል። ባለቤቴ ገዝተነው የነበረውን የሕፃን አልጋ ከነካርቶኑ ጭኖ ወደ ሱቁ መለሰው። ሲመለስ እጁን ታጠበ፤ ቴሌቪዥን ከፈተ። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ነገር አንዲት ቃል አልተነፈሰም። እኔም አልተነፈስኩም።

እሱ ዝም፣ እኔ ቁጭ ብድግ። ሌክውድ ካለው መጋዘን ሠርቶ ሲመጣ ሶፋው ላይ ይወድቃል፤ እኔ ደግሞ ንጹሑን ልብስ መልሼ አጥባለሁ፣ የወጥ ቤቱን ቁም ሣጥን አውጥቼ እደረድራለሁ፣ ያም ሲያልቅ ሳሎኑን ከግድግዳ ግድግዳ እመላለሳለሁ። እረፍት ሲኖረኝ መኪና አስነስቼ በኮልፋክስ ጎዳና ሽቅብ እስከ ካፒቶል ሂል ሰፈር እነዳለሁ፤ መጀመሪያ ስንመጣ የተከራየንበትን አሮጌ ሕንፃ አንድ ጊዜ ዞሬው በግሌንዴል አድርጌ እመለሳለሁ። ምን ፈልጌ እንደሆነ እኔም አላውቅም። የማውቀው አንድ ነገር ነው፦ ከተቀመጥኩ ያ ነገር ይደርስብኛል። እየሄድኩ ሳለሁ ግን ከኋላዬ ነው።

በዚያው ሰሞን ነርስ ለመሆን በኮሚኒቲ ኮሌጅ ትምህርት ጀምሬ ነበር። ከሳይንሱ ሌላ አንድ የጥበብ ኮርስ መውሰድ ግዴታ ነው አሉኝ። ከሥራ ሰዓቴ ጋር የሚገጥመው የእርሳስ ሥዕል ብቻ ሆነ። እርሳስና ላጲስ የልጅ ነገር ነው፣ እንደ ምንም አልፈዋለሁ ብዬ ገባሁ።

አስተማሪያችን ነጭ ፀጉሯን ጠቅልላ እርሳስ የምትሰካበት ቀጭን አሮጊት ናት። በዓለም ላይ አንድ ዘመን ብቻ የነበረ ነው የሚመስላት፤ የዛሬ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ፣ ሮማንቲክ የሚባለው። ይህን ለባለቤቴ ብነግረው፣ «እና ስንከፍል የከረምነው ፍቅር እንድትማሪ ነው?» አለኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ የቀለደው ቀልድ ስለነበር አልተቆጣሁም።

እሷ እንደምትለው ከዚያ ዘመን በፊት ዛፍና ኮረብታ የንጉሥ ወይም የቅዱስ መጋረጃ ነበር፤ ሰውየው ፊት ለፊት ይቆማል፣ ገጠሩ ከኋላው ይሞላል። ከዚያ ጀርመን አገርና እንግሊዝ አገር ያሉ ወጣቶች በቤት ውስጥ የጄሶ ሐውልት መገልበጥ ሰለቻቸውና ወጡ። ቀለምና ሸራ ይከብዳል፤ እርሳስ ግን ኪስ ውስጥ ይገባል። በእግራቸው ወደ ገጠር ሄደው አንድ ቦይ ዳር፣ አንድ የፈረሰ አጥር ፊት፣ አንድ ወፍጮ ቤት አጠገብ ቁጭ አሉ። ጠንካራውን እርሳስ እንደ መርፌ አሹለው እያንዳንዷን ቅጠል በጠርዟ ይከተሉአት ነበር። በጣት ማሸት የለም፤ መቸኮል የለም። «እነዚህ ሰዎች ዛፉን አይደለም የሳሉት፣ መቀመጣቸውን ነው የሳሉት» አለች አንድ ቀን። ሌሎቹ ተማሪዎች ጻፉት። እኔ ሰዓቴን አየሁ።

ዳውንታውን ወደሚገኝ ሙዚየምም ወሰደችን። ጠባቂዋ ከመሳቢያ ውስጥ አንድ ብጫ ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችልን፤ ትንፋሻችሁን ያዙ አለችን። ወረቀቱ ላይ ትልቅ ዛፍ አለ፣ ከጎኑ ደረቅ ቦይ፣ በሩቁ ከሰሊጥ የምታንስ የቤተ ክርስቲያን ማማ። በመንገዱ ላይ ዱላ የያዘ ሰው ጀርባውን ሰጥቶን ይሄዳል። የዛፉ ቅጠል አንድ በአንድ ሊቆጠር ይችላል። ከዛፉ ሥር ግን ምንም የለም። ሣር የለም፣ ጥላ የለም፣ ወረቀቱ ብቻ ነው።

«ሰውየው ወዴት ነው የሚሄደው?» አልኳት አስተማሪዬን።

«አይታወቅም» አለችኝ።

«አብሮት የሚሄድ ሰው የለም እንዴ?»

«ብቻውን መሆኑ ነው ቁም ነገሩ» አለችኝ፣ ደስ እያላት።

ይሄ እንዴት ደስ እንደሚል አልገባኝም። እኛ አገር ቢሆን ሠዓሊው ገና እርሳሱን ሳይቀርጽ የመንደሩ ሰው ከብቦት፣ የማን ልጅ እንደሆነ ጠይቆት፣ ቤት ግባ ብሎ አስነስቶት ነበር። «ከዛፉ ሥርስ ለምን ባዶ ተወው?» አልኳት። ዝናብ መጥቶበት ይሆናል፣ መሽቶበትም ይሆናል፣ ወይም እዚያ ሲደርስ አቅቶት ይሆናል አለችኝ። ወደ ቤት ስነዳ ዓይኔ ላይ ያለው ያ ባዶ ቦታ ነበር።

የኮርሱ መጨረሻ ሥራ በእነዚያ ሰዎች መንገድ አንድ የገጠር ሥዕል መሥራት ነበር። ፎቶ አንስቶ መገልበጥ አይቻልም። ቦታው ድረስ ሄዶ፣ ጥላው ከዛፉ አንድ ጎን ተነስቶ ወደ ሌላው ጎን እስኪዞር ሳይነሱ መሥራት ነው። ይሄን ስሰማ ደነገጥኩ። የደም ሥር ፈልጊ ቢሉኝ እፈልጋለሁ፤ ተቀመጪ ማለት ግን ምን ማለት ነው?

ቦታ ለማግኘት አልተቸገርኩም። ያኔ ከአውሮራ በስተምሥራቅ፣ ወደ ኤርፖርት በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አዲሶቹ ቤቶች ገና ያልደረሱበት ሜዳ ነበር። እዚያ እዚህ አገር ኮተንዉድ የሚሉት፣ በበጋ መጀመሪያ ጥጥ የመሰለ ነገር የሚያበን ትልቅ ዛፍ አለ። አጠገቡ ደረቅ ቦይ፣ ራቅ ብሎ ጣሪያው የጎበጠ የድርቆሽ ቤት። ሙዚየም ያየሁት ሥዕል ታናሽ ወንድም ይመስላል። መኪናዬን መንገድ ዳር አቁሜ ገባሁ፣ ተቀመጥኩ፣ ግንዱን ጀመርኩ፣ ተነሳሁ። ዛፉን ዞርኩት። ተመልሼ ተቀመጥኩ፤ የመኪናውን በር ቆልፌአለሁ አልቆለፍኩም ብዬ ተነሳሁ። ሌላ ቀን ሄድኩ፣ ያው ነው። ሦስተኛም ሞከርኩ፤ እርሳሱን እየቀረጽኩ ጨርሼው ወደ ቤቴ ገባሁ። አሁን ግን ኮርሱ አልነበረም ያስጨነቀኝ። አንድ ዛፍ ፊት መቀመጥ ካቃተኝ ዕድሜዬን በሙሉ እንዲህ ስባዝን ልኖር ነው ወይ ብዬ ፈራሁ። እውነቴን ነው፣ በጣም ፈራሁ።

አንድ ሐሙስ እንደገና ሄድኩ። ቀን ዝናብ ጥሎ ስለነበር መሬቱ ረጥቧል፤ ነፋሱ ደግሞ ጆሮ ይቆርጣል። የመኪናውን የእግር ምንጣፍ አውጥቼ መሬት ላይ ዘረጋሁና ተቀመጥኩበት። ሲበርደኝ ከኋላ ወንበር ላይ ከእሑድ የቀረውን ነጠላዬን አምጥቼ ተከናነብኩ። ጥለቱ ሰፊ ነው፣ የእናቴ ስጦታ ነው፤ ጭቃ እንዳይነካው ወደ ላይ ገልብጬ በአንገቴ ዙሪያ አደረግኩት። ይህን ያደረግኩት ለጥለቱ ስል ብቻ ነው። ሜዳ ላይ መሬት የተቀመጠች፣ ጥለቱን ወደ ላይ አዘቅዝቃ የለበሰች ሐበሻ ምን እንደምትመስል አንዴም አላሰብኩም።

ያን ቀን እጄ ታዘዘልኝ። ቅርፊቱ፣ ቅርንጫፉ፣ ገና የፈነዱት ቅጠሎች፣ አንድ በአንድ መጡልኝ። ነፋሱ ዓይኔን ያስለቅሰኛል፤ በነጠላዬ ጫፍ እየጠረግኩ እቀጥላለሁ። ነፋሱ ብቻ ነበር ብል ግን ውሸት ይሆናል። ግንዱን ጨርሼ ወደ ታች ወረድኩ፣ ሥሩ ዘንድ ደረስኩ። እዚያ ስደርስ እርሳሱን ጥዬ ተነሳሁ። ምንጣፉን እንኳ አላራገፍኩትም። ወረቀቱ ከዛፉ ሥር ባዶ ሆኖ ቀረ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ኋላ ነው የሰማሁት። ከእኛ በታች ያለው አፓርትመንት ውስጥ የሚኖሩ አዲስ አበቤ ሙስሊም ባልና ሚስት አሉ፤ ባልየው ታክሲ ይነዳል። ያን ሐሙስ ደንበኛ ጭኖ ወደ ኤርፖርት ሲበር አየኝ። «ከስተመር ይዤ ባይሆን ፑል ኦቨር አድርጌ እቆምልሽ ነበር» ይላል እስካሁን። «ድሮፕ አድርጌ ስመለስ የለሽም። መሬት ተቀምጠሽ፣ ነጠላ አዘቅዝቀሽ፣ ዓይንሽን ስትጠርጊ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ!» ለሚስቱ ነገራት። ሚስቱ ደግሞ ከላያቸው ስመላለስ የሚሰማው ኮቴ ብዙ ጊዜ ሲያሳስባት ስለከረመ ወዲያው ገባት፤ ይቺ ልጅ መርዶ ሰምታለች። እኔን መጠየቅ ነውር ነው። ባለቤቴን መጠየቅም ያስፈራል፤ ምናልባት ለእሱ ገና አልተነገረው ይሆናል። ስለዚህ ቸርቻችን ውስጥ ሁላችንም እማማ ወደምንላቸው ትልቅ ሴት ደወለች። እማማ ተቆጡ። «ማን ነው እንዲህ ያለ ጨካኝ፣ ለአንዲት ልጅ በስልክ የሚያረዳ?» አሉ። ከዚያ ትእዛዝ ወጣ፤ ማንም እንዳይደውልላት፣ ቅዳሜ ጠዋት ሥራ ሳትገባ ሁላችንም አብረን እንሄዳለን።

ቅዳሜ ጠዋት የሥራ ልብሴን ለብሼ ቁልፌን ስፈልግ በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩት። እማማ ጥቁር ሻሽ አስረው ፊት ቆመዋል። ከኋላቸው የታክሲው ሰውዬና ሚስቱ፣ ከዚያ የቸርች ሰዎች፣ ደረጃው ድረስ። ሁሉም ጠቆር ያለ ለብሷል። ማንም ምንም አይናገርም። ሁሉም የሚያየው እኔን ነው።

በዚህ ሰዓት፣ እንዲህ ለብሶ፣ እንዲህ ዝም ብሎ በር ላይ የሚቆም የእኛ ሰው አንድ ነገር ብቻ ነው ይዞ የሚመጣው። እኔም ራሴ ስንት ሰው በር ላይ እንዲህ ቆሜአለሁ።

«እማዬን!» ብዬ ጮህኩ።

«ወይኔ፣ እናቷ ናቸው!» አለ ከደረጃው ላይ አንድ ሰው። ቤቱ በአንድ ጊዜ ተናጠ። እማማ ይዘውኝ ወደ ውስጥ ገቡ፤ ሌሎቹ ተከተሉ። ባለቤቴ በፒጃማ ከመኝታ ቤት ወጥቶ «ምንድን ነው?» ሲል፣ «አማትህ! አማትህ!» አሉት። እናቴን ከእኔ ይበልጥ የሚወድ ሰው ነው፤ ራሱን ይዞ ግድግዳው ሥር ቁጭ አለ። እኔ ደረቴን እደቃለሁ። የእናቴን ደግነት የማያውቅ ሰው ስለ እናቴ ደግነት ያለቅሳል። አንዷማ በሕይወቷ አይታት ሳታውቅ «እንዲህ ያለች እናት ከየት ይመጣል!» ትላለች። ወጥ ቤት ውስጥ ንፍሮ ይወርዳል፣ የሻይ ፔርሙዝ ይከፈታል።

እንዲህ ስንል ቆይተን እማማ አፍንጫቸውን እየጠረጉ ጎንበስ አሉና «ለመሆኑ በስልክ የነገረሽ ማነው ልጄ? ምላሱ ይቆረጥ» አሉኝ።

«ማንም አልነገረኝም» አልኳቸው በለቅሶ። «እናንተ ናችሁ እንጂ የነገራችሁኝ።»

«እኛ?»

«ታዲያ ማን?»

«እኛማ ካንቺ ነው የሰማነው።»

ለቅሶው እንደ ቧንቧ ተዘጋ። ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ይተያያል። የታክሲው ሰውዬ ፊቱ ላብ በላብ ሆነ። ባለቤቴ ዘሎ ተነስቶ የስልክ ካርዱን ፈልጎ ቁጥሩን መታ። ስፒከሩን ከፈተው። ጠራ። ጠራ። ጠራ። እንዲህ የረዘመ ጥሪ ሰምቼ አላውቅም።

«ሃሎ! ማነው?» አለች እናቴ።

«እማዬ! አለሽ?»

«የት እሄዳለሁ? አትጩኺ፣ ይሰማኛል። ምንድን ነው ጫጫታው፣ ሠርግ ነው?»

«ለቅሶ ነው።»

«ውይ! የማን?»

«ያንቺ።»

«እና ብዙ ሰው መጣ?» አለች።

ያን ጊዜ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ቅድም ያለቀሱት አሁን በሳቅ ያለቅሳሉ። የታክሲው ሰውዬ ሚስት ባሏን ጀርባውን ትደበድበዋለች፤ እሱ «አስቀየምኳችሁ፣ አፉ በሉኝ» እያለ ጫማውን ይፈልጋል። እናቴን ሰው ሁሉ በየተራ «እንኳን አልሞቱ» አላት። ስልኩ ሲዘጋ ሰዉ ተነስቶ ነጠላውን ማስተካከል ጀመረ።

እማማ ግን አልተነሱም። ከሳቁም ጋር አልሳቁም። «ታዲያ ሜዳ ላይ ምን ስትሠሪ ነበር?» አሉኝ።

«ዛፍ ስስል፤ ለትምህርት ቤት» አልኳቸው። ሰው አላመነኝም መሰለኝ፣ ወረቀቱን አምጥቼ አሳየኋቸው። እማማ መነጽራቸውን አውጥተው ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ያምራል» አሉ። «ከሥሩ ለምን አላለቀም?»

«እዚያ ስደርስ ተነሳሁ።»

«ለምን ተነሳሽ?»

እግሬ ወደ ወጥ ቤት ይለኛል፣ ሻይ ልቅዳ፣ ሰሐን ልጠብ፣ ብቻ ልሂድ። ሁሉም መልሴን እየጠበቀ ነው። ያኔ ከወጥ ቤቱ በር ላይ የባለቤቴን ድምፅ ሰማሁ።

«ሴት ልጅ ነበረችን» አለ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ አንድም ጊዜ ያላለውን ነው ያለው። ድምፁ የራሱ አልመሰለኝም። «ቅጠል ሲረግፍ ጠፋችብን። አምስተኛ ወሯን ይዛ ነበር። አየኋት፤ እጇ ተሠርቶ አልቆ ነበር» አለ። እኔ ያላየኋትን እሱ አይቷት ነበር። ይሄን ሁሉ ጊዜ ብቻውን ይዟት ከርሟል ማለት ነው።

ማንም «ሌላ ይሰጣችኋል» አላለም። እማማ ጭናቸውን መቱ። «ይሄን ሁሉ ወራት? እኛ የት ሄደን?» አሉ። ከዚያ ከሶፋው ወርደው፣ በዚያ ጉልበታቸው፣ ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። በሩ ላይ ወደቆመው ሰው ቀና ብለው፣ «በሉ ጫማችሁን አውልቁ። የመጣነው ለለቅሶ አይደል? ለቅሶው ይኸው» አሉ።

ሰዉ ተመልሶ ተቀመጠ። የታክሲው ሰውዬ ሚስት አጠገቤ መጥታ እጄን ያዘች። «አላህ ያጽናሽ» አለችኝ፤ ቀጥላም በጆሮዬ፣ «ከታች ሆነን ስትመላለሺ እንሰማ ነበር እኮ። ኮቴሽ ልጅ እንደሚያባብል ሰው ኮቴ ነው። እኔ ለእሱ እላለሁ፣ እነዚህ ሰዎች ልጅ የላቸው፣ ይቺ ልጅ ማንን ነው የምታባብለው?» አለችኝ።

እዚያ ላይ ነው በእውነት ያለቀስኩት። ጠዋት ለእናቴ ያለቀስኩት ጩኸት ነበር፤ ይሄኛው ድምፅ አልነበረውም። ሥራ ቀረሁ። ንፍሮው ተበላ፣ እማማ ጸለዩ፣ ሰው ወጣ፣ ሌላ ሰው ገባ። ባለቤቴን ወንዶቹ መሐላቸው አስገብተው ይዘውት ዋሉ።

ሲሄዱ እማማ በር ላይ ቆም ብለው «ያ ዛፍ መጨረስ አለበት?» አሉኝ። አዎ፣ ለትምህርቱ አልኳቸው። «እንግዲያው ብቻሽን አትሄጂም። ነገ ከቸርች በኋላ እንሄዳለን» አሉ። አስተማሪዬ ብቻን መሆን ነው ቁም ነገሩ ትላለች ብላቸው፣ «እሷ ሰው ቸግሯት ይሆናል» ብለው ደረጃውን ወረዱ።

እሑድ በሦስት መኪና ሄድን። የታክሲው ሰውዬና ሚስቱም መጡ። ምንጣፍ፣ የተረፈ ምግብ፣ ውኃ፣ ልጆች፣ ሁሉም ነገር ሜዳው ላይ ተዘረገፈ። እማማ «እኛ ዝም እንላለን፣ አንቺ ሥዕልሽን ጨርሺ» አሉ፤ ከዚያ ማንም ዝም አላለም። የቤት ዋጋ ተነሳ፣ የሚሊኒየሙ በዓል ዝግጅት ተነሳ፣ የዛፉ ቅጠል ለሻይ ይሆናል አይሆንም ተባለ። ከቸርች የመጣች አንዲት ትንሽ ልጅ ወረቀቴ ላይ አንገቷን አስግጋ አየችና ወደ እናቷ ዞራ «ማሚ፣ ኢትስ ጀስት ኤ ትሪ» አለች፤ ዛፍ ብቻ እኮ ነው ማለቷ ነው። እናቷ ጎትታ ወሰደቻት።

ፀሐይ በረታች። ሰው ሁሉ ምንጣፉን እየጎተተ ወደ ጥላው ሄደና ከዛፉ ሥር ክብ ሠርቶ ተቀመጠ፤ ልክ እኔ ባዶ የተውኩት ቦታ ላይ።

«ተነሱልኝ!» አልኳቸው። «መሬቱን እኮ ነው የምስለው።»

«ጥላው ያለው እዚህ ነው፤ የት እንቀመጥ ታዲያ?» አሉ እማማ፣ ሳይነቃነቁ።

ተናድጄ እርሳሴን ቀረጽኩ። የሚነሱ ስላልመሰለኝ እነሱኑ መሳል ጀመርኩ። የእማማን ሻሽ፣ የታክሲውን ሰውዬ የጎበጠ ትከሻ፣ ልጅ ያቀፈችውን፣ የተጋደመውን፣ እንደ ቅጠሎቹ በጠርዛቸው አንድ በአንድ ተከተልኳቸው። ባለቤቴ ግንዱን ተደግፎ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። እሱንም ሳልኩት። ከጎኑ፣ ክቡ ውስጥ፣ አንዲት ትንሽ ነጭ ቦታ ተውኩ። ማንም አልተቀመጠባትም፤ እኔም አልነካኋትም።

አስተማሪዬ በኋላ ሥዕሉን ስታየው ቅጠሎቹን አደነቀች፤ ከዚያ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ «እነዚህ ሁሉ ሰዎች ምን እየሠሩ ነው?» አለችኝ። ለቅሶ ተቀምጠው ነው አልኳት። በእነዚያ ሰዎች ሥዕል ውስጥ ይህን ያህል ሰው አይኖርም አለችኝ፤ እያየችው ግን ቆየች። ስለ ነጭዋ ቦታ አልጠየቀችኝም።

በዚያ እሑድ ከወረቀቴ ቀና ስል ሰዎቹ ምንጣፍ እያራገፉ ነበር። ልጆቹ መኪና ውስጥ ገብተዋል፤ እማማ ጃኬታቸውን ቆልፈዋል። ጥላው ከቦዩ በኩል ተነስቶ በድርቆሽ ቤቱ በኩል ተኝቷል። መቼ እንደዞረ አላየሁም። ባለቤቴ መጥቶ እጁን ዘረጋልኝና «እንሂድ፣ በረደ እኮ» አለኝ።

«ቆይ፣ ትንሽ ልቀመጥ» አልኩት።

ትንሽ አየኝና አጠገቤ ተቀመጠ።